የመርጡለ ማርያም ግንብ
ጥርብ ድንጋይ፤ 16ኛውና 17ኛው ክፍለ ዘመን፤ ምሥራቅ ጎጃም

በመርጡለ ማርያም ቀድሞ የነበረውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው፤ በ1509 እ.ኤ.አ. ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ የላኩት እኒያ ብልህ ሴት። ከገዥነታቸው ይልቅ ደራሲነታቸው ቢታወስላቸው እንወዳለን፤ ሁለት የሃይማኖት መጻሕፍት መድረሳቸውን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበረው ጸጋ ዘአብ በፖርቱጋል ሳለ ተናግሮ፣ ታሪክ ጸሐፊው ዳሚያዎ ደ ጎይስ በ1540 እ.ኤ.አ. በላቲን አሳትሞታል።

ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ ቆይቶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢጣሊያዊው ኢየሱሳዊ አባ ብሩኖ ብሩኒ እንደገና አስገነባው። ታሪኩን የጻፈው ባልንጀራው ማኑኤል ደ አልሜዳ ነው። ከሱስንዮስ በኋላ የነገሡት አፄ ፋሲለደስ ግን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ።

የድንጋዩን አበባዎች ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ ከታሪክ ጸሐፊዎቹ ብዕር ያመለጠው የጠራቢዎቹ ጥበብ እዚያ ይነበባል።