ጥቁር ከያንያንና አድናቂዎቻቸው፤ ከሐርለም እስከ ቢታ ገነት

ከቦንጋ በስተምዕራብ በምትገኘው በቢታ ገነት ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ የጸጉር ማስተካከያ ቤት ተራ ስጠብቅ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። ከመስተዋቱ በስተቀኝ ቦብ ማርሊ፣ በስተግራ ቱፓክ ሻኩር፣ ከበላያቸው ደግሞ ከጋዜጣ የተቆረጠ የጥላሁን ገሠሠ ምስል ተለጥፏል። ደጅ በቆመችው ባጃጅ የኋላ መስተዋት ላይም ያው የማርሊ ፊት ይታያል። ጸጉር አስተካካዩን ወጣት የእንግሊዝኛው ግጥም ይገባው እንደሆነ ጠየቅሁት። እንደማይገባው፣ አለመግባቱም እንደማያሳስበው ነገረኝ። ሰውየው ከድኻ ሰፈር ወጥቶ ዓለም ሁሉ ያደመጠው ጥቁር ሰው መሆኑን ግን አሳምሮ ያውቃል። ለእርሱ ይኸው ይበቃዋል።

እንዲህ ያለውን ምስል ስናይ ብዙዎቻችን ከሁለት ፍርዶች አንዱን እንፈርዳለን። ወይ የወጣትነት ጨዋታ ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ወይ የባህል ወረራ ነው ብለን እናወግዘዋለን። ሁለቱም ፍርዶች የነገሩን ታሪካዊ አመጣጥ አይመረምሩም። ታሪኩ ሲመረመር ግን አድናቂ በሚያደንቀው ከያኒ ውስጥ አጥብቆ የሚፈልገው ራሱ የተነፈገውን ነገር መሆኑ ይገለጣል። ስለዚህ የአድናቆትን ታሪክ መጻፍ የተነፈጉ ነገሮችን ታሪክ መጻፍ ነው።

ኢትዮጵያ ራሷ ኮከብ በነበረች ጊዜ

የጥቁር ከያንያን ዝና ወደኛ ከመምጣቱ በፊት የኛ ዝና ወደነርሱ ሄዷል። በ1888 ዓ.ም. የተገኘው የዐድዋ ድል በአሜሪካና በካሪቢያን ለሚኖሩ የባርነት ልጆች የሩቅ አገር የጦርነት ወሬ ሆኖ አልቀረም፤ የጥቁር ሕዝብ ነጻነት ሊጠበቅ እንደሚችል የሚመሰክር ሕያው ማስረጃ ሆነላቸው። የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ከአሜሪካ ተነሥቶ ለኢትዮጵያ ሊያገለግል መጣ። ወረራው በ1928 ዓ.ም. ሲጀመርም የኒው ዮርክ ሐርለም ሰፈር ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው ተቃውሟቸውን አሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1937 ዶክተር መላኩ በያን በዚያው በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ከጦርነቱ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ኢትዮጵያን ለረዱ የውጭ አገር ጥቁሮች በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት የሰጡት በዚሁ ድርጅት አማካይነት ነበር።

የጃማይካ ራስ ተፈሪያውያን ንጉሠ ነገሥቱን እስከ አምላክነት ከፍ አድርገው አዩዋቸው። በዚያው ዘመን የከፋ ጭሰኛ ግን ዙፋኑን የሚያውቀው በባለመሬቱና በግብር ሰብሳቢው ፊት ነበር። ጃማይካዊው ውሸታም አልነበረም፤ ጭሰኛውም አልተሳሳተም። አንደኛው ከባሕር ማዶ ሆኖ የተነፈገውን ክብር ተመለከተ፤ ሌላው የዕለት ኑሮውን ኖረ።

ቦብ ማርሊ የዚህ የሩቅ ፍቅር ልጅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ዘር እኩልነት ያሰሙትን ንግግር እርሱ እ.ኤ.አ. በ1976 የዘፈን ግጥም አደረገው። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ያመለካቸው ንጉሥ ከዙፋን ወርደው በሞት ከተለዩ ዓመታት አልፈው ነበር። ቃሉ ግን በዘፈኑ ውስጥ ተሻግሮ፣ ብዙ ቆይቶ ቃሉ ወደተነሣበት አገር ተመለሰ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ማርሊ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት በሚሞላው ዕለት፣ ቤተሰቡ በመስቀል አደባባይ ባቀረቡት ትርኢት ላይ የተገኘው ሕዝብ አደባባዩን ሞልቶ ነበር።

ድምፁ ወደኛ ሲመጣ

በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ሚሪያም ማኬባ መጥታ ዘፈነች። የአፓርታይድ መንግሥት ወደ አገሯ እንዳትመለስ የከለከላት ይህች ከያኒት በመሪዎች ፊት መቆሟ ብዙ ትርጉም ነበረው። በዚያው ዓመት የመጡት የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሸክላዎቻቸውን ይዘው ገቡ። በአሥመራ የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮም ለአሜሪካ ወታደሮች የሚያሰማው ሙዚቃ ወደ ከተማው ወጣት ጆሮ ዘለቀ። ጄምስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1968 በጥቁርነቱ መኩራቱን የሚያውጀውን ዘፈን ባሰማ ጊዜ የኛ የከተማ ወጣት ጸጉሩን ማጎፈር ጀምሮ ነበር።

እዚህ ላይ የከፋ ስም ይነሣል። ያን ዘመን በሙዚቃ ከመሩት ሁለቱ፣ በ1933 ዓ.ም. የተወለደው አለማየሁ እሸቴና በ1936 ዓ.ም. የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ፣ ሁለቱም የትውልድ ቦታቸው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጅማ ናት። አለማየሁ በፖሊስ ኦርኬስትራ ሲያዜም አለባበሱን፣ የጸጉር አበጣጠሩንና ጩኸቱን ከጄምስ ብራውን ስለወሰደ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ተባለ። ሆኖም የዘፈነው በአማርኛ፣ ያዜመውም በአገሩ ቅኝት ነው። ከአሜሪካዊው የወሰደው ዋና ነገር በመድረክ ላይ ያለ ኀፍረት የመቆምን ድፍረት ነበር።

የዚህን ድፍረት ዋጋ ለመረዳት በኢትዮጵያ ዘፋኝ ምን ይባል እንደነበር ማስታወስ ያሻል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል የሙያ ስም ሆኖ ሳለ እንደ ስድብ ይወረወር ነበር፤ ልጁ ሙዚቃ ሲመርጥ ያላዘነ ወላጅም ጥቂት ነበር። በሙዚቃው ማዕርግና መከበር ያገኘ ጥቁር ሰው በሸክላ ሽፋን ላይ ሲታይ፣ የኛው ከያኒ ለአባቱ የሚያሳየው ምስክር አገኘ። አምሃ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ የማሳተሙን ሥራ በብቸኝነት ይዞት ከነበረው ከሀገር ፍቅር ማኅበር ውጭ በራሱ ድፍረት የአለማየሁን «ትማርኪያለሽ» አሳተመ። ድርጅቱ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎችን ለሕዝብ አቀረበ።

ሙላቱ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ምሕንድስና ሊማር ወደ ብሪታንያ ተልኮ ሙዚቃን መረጠ፤ ከዚያም በአሜሪካ ቦስተን በበርክሊ ተምሮ የኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋሐደ። በኅዳር 1966 ዓ.ም. ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ ሲገባ አብሮ የተጫወተው እርሱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለኤሊንግተን ኒሻን ሸለሙ። በዚያው ወቅት የወሎ ገበሬ በረኀብ ያልቅ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላም ዘውዱ ወደቀ። የከያኒው ክብርና የገበሬው ሞት በአንድ ወር ውስጥ መገጣጠማቸውን የጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ሊዘለው አይገባም።

ቴፕና ረኀብ

ከዚያ በኋላ የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ ዘጋ፤ የሸክላው ዘመን አልፎ የካሴት ዘመን ተተካ። ለገጠሩ ግን ይህ ለውጥ በር ከፈተ። ሸክላ ማጫወቻ የኤሌክትሪክ መብራትን ይጠይቃል፤ ቴፕ ግን በድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጡት፣ ካሴቱ ሲላላ በእርሳስ እያጠነጠኑት፣ መብራት ባልደረሰባቸው የቡና አገሮች ጥላሁንና ማርሊ ከአንድ ሣጥን ወጡ። በቢታ ገነት ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን መለጠፋቸው የዚያ ሣጥን ውርስ ነው።

በ1977 ዓ.ም. የነገሩ ገጽታ ተገለበጠ። ስለ ኢትዮጵያ ረኀብ ማይክል ጃክሰንና ላየኔል ሪቺ የደረሱትን፣ ኩዊንሲ ጆንስ ያቀናበረውን መዝሙር ከ40 የሚበልጡ የአሜሪካ ከያንያን በጥር ወር ዘፈኑት። ሐሳቡን ያነሣሣው ሃሪ ቤላፎንቴ በሰኔ ወር ከእርዳታው ጋር ራሱ መጣ። ችሮታው ነፍስ አድኗል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን እነርሱን ለ20 ዓመት ስናደምጥ የኖርን እኛ በዓለም ካሜራ ፊት ስምና ድምፅ የሌለን ረኀብተኞች ሆነን ቀረብን። አድናቂው ተመጽዋች ሆነ። ከተራቡት ወገኖች ከፊሎቹ በሠፈራ ወደ ከፋ ምድር መጥተዋል፤ የነርሱን ስምና ዜማ የመዘገበልን ግን ጥቂት ነው።

ሐዘን የተደራረበበት ዓመት

በ2001 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ አዘንን። ጥላሁን ገሠሠ በፋሲካ ዕለት ሚያዝያ 11 ቀን ዐረፈ፤ ማይክል ጃክሰን በሰኔ 18 ቀን ተከተለ። በታኅሣሥ 1953ቱ ሙከራ ሰበብ ከክቡር ዘበኛ ባልደረቦቹ ጋር የታሠረው ጥላሁን፣ በመጨረሻው በመንግሥት ሥነ ሥርዓትና በእልፍ አእላፍ ሕዝብ ተሸኘ። «አዝማሪ» ተብሎ ከሚናቅበት ዘመን ተነሥቶ እዚያ መድረሱ የትውልድ ሥራ ነው። ለዚህ ክብር ከኛው አዝማሪዎች ትዕግሥት ጋር የባሕር ማዶ ጥቁር ከያንያን ምሳሌነት ድርሻ እንደነበረው አምናለሁ። ብድሩም ተመልሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና የማርሊ ልጅ ዴሚያን ያወጡት የጋራ ሥራ የተከፈተው በሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ዜማ ላይ ተመሥርቶ ነው።

የቀረብን ዕዳ

እንግዲህ ስለራሴ ልናገር። በ1980ዎቹ ተማሪ ሳለሁ በደብተሬ ሽፋን ላይ የማይክል ጃክሰንን ምስል ለጥፌ እሄድ ነበር። ከፊቴ የሚቀመጠውን፣ ከኔ ጠቆር የሚለውን ልጅ ደግሞ ጓደኞቼን ለማሣቅ በባርያ ስም እጠራው ነበር። ሁለቱ ነገሮች እንደሚጋጩ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልታየኝም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ መልስ አልሰጠኝም። አንድ ቀን ግን ደብተሬን አንሥቶ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና ዝም ብሎ መለሰልኝ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከተለኛል።

ባርነት በሕግ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ከፋ በባርያ ፍንገላ ክፉኛ ከተራቆቱት አገሮች አንዷ ናት። ሕጉ ሰንሰለቱን ቢፈታም ቃሉ በአፋችን ቀረ። በዚሁ በከፋ የማንጆ ማኅበረሰብ ለዘመናት በአንድ ማዕድ እንዳይቆርስ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ተለይቶ ኖሯል፤ ይህ ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። የሐርለም ሰው እኛን የጥቁር ክብር ምልክት አድርጎ ሲያይ፣ እኛ በቤታችን የጥቁርን ክብር እንዲህ ስንከፋፍል ነበር። የሩቁን ጥቁር ማድነቅ ቀላል ነው፤ ከእኛ የሚሻማው ወንበር የለምና።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሚደርሳቸው ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መምህሩ በተማሪው ደብተር ላይ የተለጠፈውን ፊት ሲያይ ከመቅደድ ይልቅ ማን እንደሆነና ከምን እንደወጣ ያስረዳ፤ የአዳራሹን የኋላ ወንበር ማን እንደያዘም አብሮ ይጠይቅ። ከያኒው የማንጆውን ዜማና የሠፋሪውን እንጉርጉሮ የበዓል ማድመቂያ ሳያደርግ፣ ባለቤቱን በስሙ ጠርቶ መድረክ ላይ ያውጣ። የሕዝብ አመራር ያለበት ሁሉ ደግሞ ስለ እኩልነት በስብሰባ ከመናገሩ በፊት ቡናውን ከማን ጋር እንደሚጠጣ ያስብ።

ተራዬ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ወጣቱን ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ እዚህ ወንበር ላይ የማይቀመጥ ሰው አለን? መቀሱን አቁሞ ጥቂት አሰበ። በአባቱ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር እንደነበረ፣ እርሱ ግን ለመጣው ሁሉ ያንኑ ፎጣ እንደሚያነጥፍ ነገረኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እቤት ማዕድ ሲቀርብ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ አልሸሸገኝም። ሁለቱንም እውነቶች በአንድ ትንፋሽ መናገሩን አከበርኩለት። ከዚያ ቴፑን ከፍ አደረገና ሥራውን ቀጠለ።