ቀጭኑ ውሻ ቤት ሲገባ፦ የአያቶችና የልጆች ክርክር ከየት መጣ?



በአሽዶድ ሰሜናዊ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ከመጋዘኖቹ አካባቢ፣ እግሩ የረዘመ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ አንስቶ ቤት የሚመጣ ልጅ አለ። ያን ጊዜ አያት "ውሻ ከቤት አይገባም!" ይላሉ። ልጅ ደግሞ "ሳፍታ፣ ምን አደረገሽ?" ይላል። ሁለቱም የራሳቸው ታሪክ አላቸው።

በጎንደር መንደሮቻችን ውሻ ዘበኛ ነበር። ከብቱንና በጉን ከጅብ ይጠብቃል፣ ያደረውን ይበላል፣ ደጅ ያድራል። "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" የተባለውም በከንቱ አይደለም። ከሁሉም የከፋው እብድ ውሻ ነበር። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውን ይገድላል፤ ክትባቱ ያለበት ሐኪም ቤት ደግሞ ከመንደር ሩቅ ነበር። ስለዚህ የአያት ፍርሃት ኋላ ቀርነት አይደለም፣ ከልምድ የመጣ ጥንቃቄ ነው።

ስለ ንጽሕናም ጥያቄ ይነሳል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በመዳፉ የሚሄደውን እንስሳ ርኩስ ይለዋል፤ እስከ ማታ የሚያረክሰው ግን በድኑን መንካት ነው። በኦሪት ዘጸአት ደግሞ ከግብፅ በወጣንበት ሌሊት ውሻ በእስራኤል ላይ እንዳልጮኸ ተጽፏል። አውሬ የሰበረውም ሥጋ ለውሻ እንዲሰጥ ታዟል። ሊቃውንት ይህን የዚያ ሌሊት ዝምታ ዋጋ ነው ብለው ተርጉመውታል። በቤታችሁ እንዴት ይሁን የሚለውን ቄሶቻችንን መጠየቅ ነው።

አሁን ወደዚህ አገር እንምጣ። ከአሽዶድ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው አሽቀሎን፣ ፕሮፌሰር ሎውረንስ ስቴገር ከ1985 ጀምሮ በመሩት ቁፋሮ ከ1,000 በላይ የውሻ መቃብሮች ተገኝተዋል። ጊዜው የፋርስ ዘመን ነው፣ የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ። እያንዳንዱ ውሻ ለብቻው፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ ጭራው ወደ እግሩ ተጠግቶ ተቀብሯል። አብዛኞቹ ቡችሎች ናቸው። ለምን እንዲህ እንደተቀበሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ቀጭኑ ውሻ ግን የበረሃ ዘር አለበት። ሳሉኪ የሚባለው ውሻ የሚያድነው እንደ ሌላው በማሽተት ሳይሆን በዓይኑ አይቶ፣ ሮጦ በመድረስ ነው። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በዱዊኖች ሌላውን ውሻ ከድንኳን ውጭ ሲያቆዩ ሳሉኪን ግን ያስገቡታል፤ ሚዳቋና ጥንቸል ስለሚይዝላቸው ያከብሩታል። በ1955 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አደንን ገደበ። ሳሉኪም በደቡብ በኩል ከመንደር ውሾች ጋር እየተዳቀለ ክልሱ በዝቷል። እንግዲህ ከድንኳን ገብቶ ያደረ የአዳኝ ዘር ነው አሁን በራችሁ ላይ የቆመው።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ውሻ ብዙ ይተኛል፣ ጩኸትም አያበዛም። ቅጥነቱ ተፈጥሮው ነው፤ አጥንቱ ታየ ብላችሁ እንጀራ አታብዙበት። ብርድ አይችልም፣ ምንጣፍ ይፈልጋል። አንድ ጉዳይ ግን አይረሳ፦ የሚሮጥ ነገር ካየ ስሙን ብትጠሩት አይሰማም። ድመት አይቶ ሊነሳ ይችላል፣ ያ የኢንዱስትሪ መንገድ ደግሞ የወደብ ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው። ስለዚህ ያለ ገመድ አይውጣ።

ገመዱም አዲስ ነገር አይደለም። ሚሽና በባባ ቃማ ምዕራፍ 7 ውሻ ያለ ሰንሰለት እንዳይያዝ ይከለክላል። በ2002 የወጣው የእስራኤል የውሻ ቁጥጥር ሕግም ፈቃድ፣ ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ ቺፕና ገመድ ያዛል። የካላቬት ክትባት ከ3 ወሩ ጀምሮ ግዴታ ነው። አያት የሚፈሩት በሽታ እዚህ በሕግ የተያዘ ነው ማለት ነው። ልጁ ክትባቱን ያስከትብ፣ ወረቀቱንም ለአያቱ ያሳይ። አያትም ውሻው የት እንደሚተኛና ከማእድ ቤት እንደማይገባ ይወስኑ።

ልጆቻችሁ በመንደራችሁ ውሻ ምን ይሠራ እንደነበር አያውቁም። ንገሯቸው። የእናንተ ቤት ውሻ ስሙ ማን ነበር? እዚህ ሥር ጻፉልን፣ ለልጆቻችን ይቀመጥላቸው።