የአይሁድ እምነት

የአይሁድ እምነት (ይሁዲነት) በአንድ አምላክ ማመንን መሠረት ያደረገ፣ እግዚአብሔር ከአብርሃም ጋር በገባው ቃል ኪዳንና በሲና ተራራ ለሙሴ በሰጠው ሕግ ላይ የቆመ የአይሁድ ሕዝብ ሃይማኖት ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት፦ የዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ «ታናኽ» ይባላል። ኦሪት (ቶራ)፣ ነቢያትና ጽሑፋት ተብሎ በሦስት ሲከፈል፣ በአይሁድ አቆጣጠር 24 መጻሕፍት አሉት። በቃል ሲወርድ የኖረውን ሕግ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ «ሚሽና» በተባለው መጽሐፍ አሰባስቦታል። ሚሽናና «ገማራ» የተሰኘው የኋለኞቹ ሊቃውንት ሐተታ በአንድነት ታልሙድ ይባላሉ።

ሥርዓት፦ የረቢዎች ትውፊት በኦሪት ውስጥ 613 ትእዛዛትን ይቆጥራል። ወንድ ልጅ በተወለደ በ8ኛው ቀን ይገረዛል። ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ገብታ ቅዳሜ ማታ ትወጣለች። የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ በረቢዎች ሕግ ሥጋና ወተትም አብረው አይቀርቡም። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ካፈረሱ ወዲህ የመሥዋዕቱን ቦታ የምኩራብ ጸሎት ወርሶታል። ከዐበይት በዓላቱ መካከል ፋሲካ፣ የዳስ በዓልና በጾም የሚታሰበው የማስተስረያ ቀን ይገኙባቸዋል።

ቤተ እስራኤል፦ የኢትዮጵያ አይሁዶች በግእዝ የተጻፈውን ኦሪት በቄሶቻቸው እየተመሩ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ታልሙድ ግን ወደ እነርሱ አልደረሰም ነበር። ከማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን የሚያከብሩት ሲግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል።