የጠራቸው ረሃብ ነው

የቀድሞ ተማሪዎቼ ይቺን ጥያቄዬን ታስታውሷታላችሁ፦ ሁለት ነገር አብሮ ስለመጣ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ወይ? እስቲ ዛሬ በአንዲት ባክቴሪያ ታሪክ ልመልሳት። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1876 ፈርዲናንድ ኮን የተባለ ሳይንቲስት፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው በብሬስላው ከተማ፣ ድርቆሽ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ያፈላ ነበር። ውሃው ከፈላ በኋላም ባክቴሪያ ይበቅልበታል። በማይክሮስኮፕ ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ባሲለስ ሰብቲሊስ በውስጧ የፈላ ውሃ የማይገድለው ስፖር ትሠራለች።

ቆይቶ ሌላ ነገር ታየ። ይቺ ባክቴሪያ ምግብ ሲትረፈረፍላት መባዛት ነው ሥራዋ፤ ስፖር የለም፣ ፕሮቲን የሚቆራርጠውን ኢንዛይምም ብዙ አታወጣም። ምግቡ ሲያልቅ ግን ሁለቱም ይጀምራሉ። በ1965 ፈረንሳይ ውስጥ ፒየር ሼፈርና ባልደረቦቹ ስፖር መሥራትን አፍኖ የሚይዘው እንደ ግሉኮስ ያለ ቶሎ የሚበላ ምግብ መሆኑን አሳዩ። በዚያ ላይ ስፖር መሥራት ከጅምሩ ካቃታቸው ዝርያዎች ብዙዎቹ ኢንዛይሙንም አያወጡም። እንግዲህ "ኢንዛይሙ ከሌለ ስፖር የለም" ቢባል ማን ይፈርዳል?

ፍርዱ የመጣው በ1984 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች የዋናዎቹን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ዘረ መል አበላሽተው ባክቴሪያዋን አስራቧት። ወደ ውጭ የምታወጣው ኢንዛይም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ስፖሩስ? ምንም አልሆነ፤ እንደወትሮው ተሠራ!

አደይ አበባና የመስቀል ወፍ አንድ ሰሞን ይታያሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን አልጠራም፣ ወቅቱ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ረሃብ ስፖ ዜሮ ኤ የተባለውን ፕሮቲን ያነቃዋል። እሱ በአንድ እጁ የስፖሩን ሥራ ያስጀምራል፣ በሌላ እጁ ኢንዛይሙን የያዘውን ፍሬን ይለቃል።

ይሄ የወረቀት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ የሚገባው ኢንዛይም ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ዘመዶች ነው የሚመጣው። ሁለቱ ሥራዎች ስለሚነጣጠሉ፣ ስፖር የማይሠራ ግን ኢንዛይም የሚያወጣ ዝርያ ማዘጋጀት ተችሏል።

ጥናት ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ ሁለት መስመር አብሮ ሲወጣ ካያችሁ ቶሎ አትዳሯቸው። አንዱን አጥፉና ሌላው ይቀር እንደሆነ እዩ።

ቸር ሰንብቱ።