የለኳሹ ስም አለ፤ የአጥፊውስ?

አማርኛ «አጥፊ» የሚለውን ቃል ለሁለት ሰዎች ሰጥቶታል። አንዱ ጥፋት የሠራ ነው፤ ዳኛ ፊት የሚቆም፣ ሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን። ሌላው እሳት የሚያጠፋ ነው። ቃሉ አንድ፣ ሰዎቹ ግን ሰማይና ምድር። ታሪካችን የመጀመሪያውን ከነማዕረጉ ጽፎ አስቀምጦታል። ሁለተኛውን ፈልጎ ማግኘት ግን አድካሚ ሥራ ነው።

ሁለተኛውን በዓይን ለማየት የፈለገ በጥቅምት አብርሃ ጅራ ይውረድ። ሰሊጥ ፍሬው ሳይረግፍ መታጨድ አለበት። የታጨደው ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲቆም ይደረግና ሂላ ይሆናል፤ በቆላ ፀሐይ ሁለት ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። እንግዲህ በእነዚያ ሳምንታት የምዕራብ አርማጭሆ ገበሬ የዓመት ልፋቱን፣ የብድር መክፈያውን፣ የልጁን ትምህርት ቤት ወጪ ሜዳ ላይ አቁሞ ነው የሚያድረው። አንድ የሲጋራ ቁራጭ፣ ሻይ ያፈላ የቀን ሠራተኛ ሳይደፍነው የሄደ ፍም፣ አንዳንዴም የቂመኛ እጅ ይበቃዋል። የእሳት አደጋ መኪና ከጎንደር ተነስቶ ቆላ እስኪወርድ ሂላው አመድ ሆኗል። ስለዚህ ኡኡታ ይሰማል፤ የሰማ ሁሉ እርጥብ ቅጠል፣ አካፋ፣ ጀሪካን፣ ያገኘውን ይዞ ይሮጣል። ከፊሉ ነበልባሉን በቅጠል ይመታል፣ ከፊሉ አፈር ይበትናል፣ ከፊሉ ያልነደደውን ሂላ እየጎተተ ያርቃል። ነገሩ ሲበርድ ፊቱን ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ማን እንደነበረ የሚመዘግብ የለም።

ይህ ቆላ ግን እሳትን ያወቀው ከሰሊጥ እርሻው በፊት ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የደርቡሽን ጦር ድል አደረጉ፤ ከተማዋንም አቃጠሉ። በዓመቱ፣ በጥር 1880፣ ሐምዳን አቡ አንጃ በዚያው መንገድ ወጥቶ ደንቢያ ሳር ውሃ ላይ ንጉሡን አሸነፈና ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ነደዱ። በመጋቢት 1881 ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ደረሱ። ሠራዊታቸው የከተማዋን የእሾህ አጥር አቃጥሎ ገባ፤ ድሉ እጅ ውስጥ የገባ በመሰለበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ሦስት ተከታታይ ዓመት፣ ሦስት ቃጠሎ። የሦስቱንም አዛዦች ስም ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

ጎንደርን የሚወድ ሰው መጽሐፍ ማቃጠልን ለድንበር ተሻጋሪ ጠላት ብቻ ትቶ ቢያርፍ ደስ ይለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። የከተማዋ መሥራች ዐፄ ፋሲል ራሳቸው በ1665 እ.ኤ.አ. የኢየሱሳውያኑ የካቶሊክ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዋል። ዐፄ ቴዎድሮስም በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው ሲያቃጥሉ ከአድባራቱ የተወሰዱት መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የታሰቡ ነበሩ። መጽሐፍ ሰብሳቢውና ከተማ አቃጣዩ አንድ ሰው ናቸው። በሚያዝያ 1860 መቅደላ በተራዋ በእንግሊዞች እጅ ነደደች። ዝርፊያው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጫነ፤ ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ለንደን ገብተው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ከጎንደር እሳት የተረፉት ከመቅደላ እሳትም ተረፉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን አላገኟቸውም።

በ1880ው ቃጠሎ የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። እንዴት ተረፈች ለሚል ጎንደሬ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን አባረረ። ውብ ታሪክ ነው፤ ማንም እንዲተወው አይጠየቅም። ብቻ ልብ ይባል፦ ሲተረክ በኖረው ታሪክ እሳቱን የተከላከለው ንብ ነው። በዚያች ሌሊት ታቦትና ብራና ተሸክሞ የሮጠ ዲያቆን፣ ከሚነድ ጣሪያ ሥር ድጓ ያወጣ መሪጌታ መኖሩ አይቀርም፤ እነሱን ግን ትውፊቱ አላነሳቸውም። የጣና መነኮሳትም እንዲሁ ናቸው። ከግራኝ ጦርነት ዘመን ጀምሮ ከየብስ አድባራት የሚሸሸው ንዋየ ቅድሳትና መጽሐፍ በታንኳ ወደ ደሴቶቹ ሲሻገር ኖሯል። እሳት ውሃ አይሻገርምና ይህም እሳት መከላከል ነው። የቀዛፊዎቹን ስም ማን ያውቃል?

በዓለም ሥነ ጽሑፍ በጣም የታወቀው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጭራሽ ለኳሽ ነው። አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ በ1953 ባሳተመው «ፋራናይት 451» ልቦለድ ውስጥ ቤቶች እሳት የማይነካቸው ሆነዋልና የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥራው መጽሐፍ ማቃጠል ነው። አማርኛ ሳያውቅ ሁለቱን አጥፊዎች አንድ ሰው አደረጋቸው። በልቦለዱ መሥሪያ ቤቱን የመሠረተው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው ይባላል። ምጸቱ የሚገባው እውነተኛውን ፍራንክሊን ለሚያውቅ ነው፦ ሰውየው ፊላደልፊያ ውስጥ በ1731 ቤተ መጻሕፍት፣ በ1736 ደግሞ የበጎ ፈቃደኞች እሳት አጥፊ ማኅበር ያቋቋመ ነው። መጽሐፉንና ባልዲውን የያዘው አንድ እጅ ነበር።

በልቦለዱ መጨረሻ ከከተማ የሸሹ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው ይገኛሉ። ይህ ለአሜሪካዊ አንባቢ እንግዳ ሕልም ነው፤ የቆሎ ተማሪ ለነበረ ሰው ግን የለመደው ቀጸላ ነው። የጎንደር አንድምታ ትርጓሜ ለዘመናት ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲሄድ የኖረ ነው፤ ወደ ማተሚያ ቤት የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ብራና ተኮማትሮ ይጠቁራል፣ ጣሪያው ይወድቃል፤ መምህሩ ከተረፈ ግን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቀጥላል። አቡ አንጃ ይህን ማቃጠል አልቻለም። ከእሳት አጥፊዎች ቁጥር እነዚህ መምህራንም መግባት ነበረባቸው።

ወደ ቆላው ስንመለስ፣ ዛሬ የሚነደው መጽሐፍ ሳይሆን ዱር ነው። ከመተማ እስከ ቋራ ባለው ጫካ የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ይቆማል፤ ሥሩ ያለው ረጅም ሣር ደግሞ ይደርቃል። ማሳ የሚመነጥረው፣ ለከብቱ አዲስ ሣር የሚፈልገው፣ ማር ቆራጩ፣ ሁሉም እሳት ይዞ ይገባል። (ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳነችው ንብ ቆላ ላይ የጫካ እሳት ሰበብ ትሆናለች።) ትልቁ ዛፍ እሳቱን ይችለው ይሆናል፤ ችግኙ ግን አይችልም። በመተማ የዕጣን ደን ላይ የተሠራና በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ወጣት ዛፎች እንደጠፉ አሳይቶ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፎቹ ቁጥር በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። አጥኚዎቹ የጠረጠሩት ዕጣን ለቃሚውን ሳይሆን ቃጠሎን፣ ግጦሽንና ግንድ የሚበላ ጥንዚዛን ነው። ይህ እሳት የሚነሳው በጥይት አይደለምና የአዛዥ ስም የለውም፤ ለማጥፋት የሚወጣውም ያው የቀድሞው ስም የለሽ ነው፤ ቅጠልና አካፋ።

በ2011 ዓ.ም. በጋ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል አገር ሁሉ ደነገጠ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ምስጋና ይገባቸዋል፣ ተመስግነዋልም። እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ግን ገደሉን በእግሩ ወጥቶ፣ በዚያ ብርድ ውሃ በጀርባው ተሸክሞ፣ ቀንና ሌሊት ጓሳውን በቅጠል ሲመታ የሰነበተ ሰው ነበር። በዜናው ላይ ስሙ «የአካባቢው ኅብረተሰብ» ነው።