ግሱ እንዳይቆረጥ፦ ለስልክ የሚሆን የአማርኛ ርዕስ አጻጻፍ

ብሎግ ወይም የዜና ገጽ ያላችሁ ብዙዎች ስለሆናችሁ ዛሬ ስለ ርዕስ ጥቂት እንበል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምክር ሞልቷል፤ ብዙው ግን ለአማርኛ አይሆንም። በእኛ ቋንቋ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ስልክ ደግሞ ረጅም ርዕስ የሚቆርጠው ከመጨረሻው ነው።

ለምሳሌ «በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው ነዋሪዎች ውል የሚፈራረሙበት የመጨረሻ ቀን ተራዘመ» ብለን ብንጽፍ፣ ኖቲፊኬሽን ላይ የሚታየው «በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው ነዋሪዎች...» ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ተራዘመ? ተሰረዘ? ዛሬ አበቃ? ዳታ ለመቆጠብ ሊንኩን የማይከፍት ሰው አንዱን ገምቶ ያልፋል፤ የገመተውንም ለጎረቤቱ ይነግራል። «የኮንዶሚኒየም ውል መፈራረሚያ ቀን ተራዘመ» ይበቃል። ሌላው የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ይግባ። ማሳጠር ካልተቻለ ግሱን ወደ ፊት አምጥቶ «ተራዘመ፦ ...» ማለት ይቻላል። አያምርም የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ከሚቆረጥ ይሻላል ባዮች ነን።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይም ጣጣ አለው። «ማኅበሩ በአዲሱ ፕሮጀክት ይረዳል» ሲባል ማኅበሩ ሰጪ ነው ተቀባይ? ጽሑፍ ውስጥ ቢሆን ከዐውዱ ይገባል፣ ርዕስ ግን ብቻውን ነው የሚነበበው። «እርዳታ ይሰጣል» ወይም «እርዳታ ያገኛል» ብላችሁ ገላግሉት።

«ተባለ» ላይ ደግሞ እንጠንቀቅ። «የዘይት ዋጋ ሊጨምር ነው ተባለ»፤ ማን አለ? ሚኒስቴሩ ከሆነና አንድ ደላላ ከሆነ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። በዚህች አንዲት መስመር ዘይት ከሱቅ መደርደሪያ ሊጠፋ ይችላል። ተናጋሪውን ርዕሱ ላይ መጻፍ ካልቻልን ዜናው ገና አልበሰለም ማለት ነው።

«ሰበር» የሚገባው ቀን አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ሰበር ነበር። ያን ዕለት እንኳ «ብርን በተመለከተ ያልተጠበቀ ውሳኔ ተሰማ!» ማለት አንባቢን ማስደንገጥ እንጂ መንገር አይደለም። «ብሔራዊ ባንክ፦ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰናል» ቢባል ግን ሊንኩን ያልከፈተውም ዋናውን ነገር ይዞ ይሄዳል። ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2016 ዋናውን መረጃ ደብቀው ክሊክ የሚለምኑ ርዕሶችን ከፊድ ወደ ታች እንደሚያወርድ አስታውቋል።

«ዛሬ» እና «ነገ» የሚሉትንም ተዉአቸው፤ ፖስቱ ከሳምንት በኋላም ሼር ይደረጋል። ቀኑን ጻፉ። ሰዓት ካለም፣ ዋሽንግተን ያለው አንባቢያችን «3 ሰዓት» ሲል ካየ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ስለሚያደናግረው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ» በሉለት።