መጠየቅን ማውረስ፦ «የሴት ሥራ» እና «የወንድ ሥራ» የሚባለውን አመለካከት በታችኛ ክፍሎች በውይይት ስለ መመርመር

መግቢያ

ከእንጦጦ ተራራ ወደ አዲስ አበባ በሚወርዱት መንገዶች፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወገባቸው ጎብጦ የሚጓዙ ሴቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የዘወትር ትዕይንት ሆነው ኖረዋል። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ የከተማዋን የማገዶ ችግር እንዲያቃልል ከውጭ አገር የገባ ሲሆን፣ ከጫካው ወደ ምድጃው ያደረሰው ጉልበት ግን በአመዛኙ የሴት ጉልበት ነው። በየካ ኮረብታዎች ግርጌ ባሉት ትምህርት ቤቶች ከተማሩት ልጆች መካከል በዚህ ሸክም ዋጋ ያደጉ አሉ። ይሁንና ከእነዚሁ ልጆች አንዱ «ከሴትና ከወንድ ጠንካራው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሳያመነታ «ወንድ» ብሎ ቢመልስ የሚያስደንቅ አይሆንም። ልጁ በየቀኑ የሚያየውና ሲባል የሰማው ነገር አይገጣጠሙም፤ አለመገጣጠማቸውን እንዲያስተውል ግን የጠየቀው የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ወደ ታችኛ ክፍሎች ማስገባት የሚቻልና የሚገባ መሆኑን ከታሪክ በመነሣት ማሳየት ነው።

ሀ. በሩ ተከፈተ፤ ጥያቄው ግን አልተነሣም

በዘመናዊ ትምህርታችን ታሪክ ሴት ልጅ ወደ ክፍል የገባችው ዘግይታ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት፣ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1931 ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1943 ኮተቤ ላይ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የተቋቋመው ለወንዶች ነበር።

ዕድሉን ያገኙት ጥቂት ሴቶች ምን መሥራት እንደሚችሉ ለማሳየት ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1957 በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። በቤተ ክህነት ትምህርት በኩልም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ለወንዶች ተማሪዎች ቅኔ አስተምረዋል። እንዲህ ያሉት ሴቶች ግን የአስተሳሰቡ ስሕተት ማስረጃ ሆነው በመታየት ፈንታ፣ ከደንቡ ውጭ የሆኑ ብርቅ ሰዎች ተደርገው ተነገረላቸው። ደንቡ ራሱ ሳይመረመር ቀረ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ኅብረተሰቡ ስለ ሴቶች ያለውን አመለካከት መለወጥን ከትምህርት ተግባራት አንዱ አድርጎ ደነገገ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሐኪሟን ሴት አድርጎ መሣል አንድ ነገር ሲሆን፣ ሥዕሉን የሚያየው ልጅ «ለምን?» ብሎ እንዲያስብ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ለ. የመምህሩ ሐሳብና የደቀ መዝሙሩ ማፈግፈግ

መመርመር ለአገራችን አዲስ አይደለም። «ሐተታ» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር፣ ጠይቆ ማጣራት ማለት ነው። በዚህ ስም የሚታወቀው የግዕዝ ድርሳን እንደሚተርከው፣ ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሰድዶ በዋሻ ከኖረ በኋላ፣ እንፍራዝ ገብቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ልጆች እያስተማረ ኖረ። በዚያው ቤት አገልጋይ የነበረችውን ኂሩትን ሲያገባም፣ ገረድ ሳትሆን ሚስት እንድትሆን፣ ባልና ሚስትም በጋብቻ እኩል መሆናቸውን አስረግጦ ተናገረ።

ለመምህራን የሚጠቅመው የአስተያየቱ አካሄድ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ማግባቱን ሲነቅፍ ከሚታይ ነገር ይነሣል፤ ወንዶችና ሴቶች በቍጥር ተመጣጥነው ስለሚወለዱ፣ አንዱ ብዙ ቢወስድ ሌላው ያጣል ይላል። ይህን ያህሉን ማንኛውም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሰፈሩን ልጆች ቈጥሮ ሊያጣራው ይችላል።

ድርሳኑን የተከተለው የወልደ ሕይወት ሐተታ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ወልደ ሕይወት የሀብቱ ልጅና የዘርዓ ያዕቆብ ተማሪ ነው። የወረሱትን ሃይማኖታዊ ትምህርት ሳይመረምሩ መቀበል እንደማይገባ ከመምህሩ ተምሯል። ስለ ሴት ሲጽፍ ግን ደካማነቷንና የአእምሮዋን ማነስ እንደ ተፈጥሮ ቈጥሮ፣ ባል እንዲታገሣት ይመክራል። መምህሩ የደረሰበት መደምደሚያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሌላውን ሁሉ የመረመረ ሰው ይህችን አንዲት ነገር ሳይጠይቅ አሳለፋት።

የድርሳናቱ ደራሲ ማንነት አከራካሪ መሆኑ መታወቅ አለበት። የብራናው ቅጂ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ከተባለ ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ እጅ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ወደ አውሮፓ የተላከ ሲሆን፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲል ተከራከረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተሟግተዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ለክፍላችን ግን ማስረጃው ራሱ ይመዘን እንጂ የተናጋሪው ስም አይመዘንም፤ ይህም የድርሳኑ የራሱ መርሕ ነው።

ሐ. ሕፃናት መመራመር ይችላሉን?

ዣን ፒያዤ ረቂቅ አስተሳሰብ የሚጀምረው በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ ነው ማለቱ፣ በብዙ አገሮች ፍልስፍናን ከታችኛ ክፍሎች እንዲርቅ አድርጎት ነበር። ማቲው ሊፕማን እና አን ማርጋሬት ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ በሞንትክሌር ኮሌጅ ባቋቋሙት ተቋም ይህን በተግባር ተቃወሙ። ልጆች አጭር ታሪክ ያነባሉ፤ ጥያቄውን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይወያያሉ፤ «አይመስለኝም» ያለ ሁሉ ምክንያቱን ይሰጣል። ፕሮፌሰር ሰምነር የሐተታን ትርጉምና ጥናት በአዲስ አበባ ያሳተሙት በዚያው አሥርት ዓመት፣ በ1976 እና በ1978 ነበር። ሁለቱን ሥራዎች በታችኛ ክፍል ማገናኘት የእኛ ድርሻ ነው።

መ. በክፍል ውስጥ

መነሻው ከልጆቹ ኑሮ ይወሰድ። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚል ልጅ ለጥያቄ ባዕድ አይደለም። መምህሩ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮችን በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፦ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እና «ሴት የላከው ሞት አይፈራም»። ከዚያም ልጆቹን ይጠይቅ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉን? የሴት ቃል ወንድን ለሞት የሚያስደፍር ከሆነ ጉዳዩን የሚፈጽመው ማን ነው? በቤታችሁ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚሸከም፣ ስለ ገንዘብ የሚወስን ማን ነው? ከባድ ዕቃ ማንሣት ጥንካሬ ከሆነ፣ ከእንጦጦ ሸክም የወረደችውን ሴት ምን እንላታለን?

ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የሸካሚዋ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ማሳያ እንዳይሆን፣ ጥያቄው ስለ ሥራው እንጂ ስለ ማንም ቤተሰብ አይሁን። ሁለተኛ፣ መምህሩ መልሱን አስቀድሞ አይንገር፤ ተነግሮት የተቀበለ ልጅ ሌላ ሲነገረው ያንንም ይቀበላል። ሦስተኛ፣ ክፍሉ ራሱ ይመርመር። ወለሉን የሚጠርጉት ሴቶች ልጆች፣ የክፍል አለቃው ሁልጊዜ ወንድ ከሆነ፣ ውይይቱ በዚያው ክፍል አሠራር ይፈርሳል። ተማሪ በበዛበት ክፍልም የፊተኛው ዴስክ ተማሪዎች ወደ ኋላ ዞረው በአራት በአራት ቢወያዩ ሥራው ይቻላል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የጥያቄ አወጣጥንና የውይይት አመራርን ራሱን እንደ ቻለ ሙያ እንዲያስተምሩ፣ በግብረ ገብ ወይም በአማርኛ ትምህርት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ እንዲመደብ፣ ምዘናውም ተማሪው በያዘው አቋም ሳይሆን ባቀረበው ምክንያት ላይ እንዲመሠረት ይመከራል።

ዘርዓ ያዕቆብ ለተማሪው ብዙ አወረሰ፤ የሴትን እኩልነት ግን ሊያወርሰው አልቻለም። የእኛም ደቀ መዛሙርት ነገ ወላጆችና መምህራን ይሆናሉ። እኩልነትን እንደ መፈክር ብናስጠናቸው እንደ ወልደ ሕይወት ሊመለሱ ይችላሉ። በሰባት ዓመቱ «ለምን እናቴ ብቻ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ከጓደኞቹ ጋር የፈለገ ልጅ ግን ጥያቄውን ይዞት ያድጋል።